ምን ሲደረግ ይሄዳሉ

እንግዳው ይቀመጥ፣ የቤቱ ልጅ ትሂድ ተባለ። እፀገነት ይህን ጉድ የሰማችው ገና ሲነጋጋ፣ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆማ ሻይ ስታፈላ ነው። የባሏ ታላቅ ወንድም ጋሽ ሰጠኝ ሳሎን ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፓዌ ያለውን ቤታቸውን ሲጠብቅላቸው የኖረው ጎረቤት ግልገል በለስ ሥራ አግኝቶ ሊለቅ መሆኑን አወሩ። ዝናብ ሳይጥል መሬቱ መመንጠር አለበት፤ ሰው የሌለበት ቤት ደግሞ ይፈርሳል። «እንግዲህ እናንተ እኔን አልለቅ ካላችሁ፣ ሕብረት ትሂድልኝ። ቤቱን ከፍታ ትቀመጥ» አሉ። ባሏ አምላኩ አንገቱን ደፋ። ከዚያ «እሺ ጋሼ» አለ። ነገ ማለዳ በጉባ በኩል የሚሄድ መኪና መኖሩን፣ ለልጅቷም ማታ እራት ላይ እንደሚነግራት ጨመረበት። ሕብረት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የዓመቱ ፈተና ደግሞ ደርሷል። እፀገነት መጋረጃውን ገልጣ ገብታ «ምን ማለት ነው ይሄ?» ልትል ነበር። አላለችም። ሻዩን ቀዳች፣ ስኳር ጨመረች፣ ለጋሽ ሰጠኝ በሁለት እጇ አቀረበች። ጥርሷ ግጥም ሲል ድምፁን ራሷ ሰማችው።

ጋሽ ሰጠኝ አሶሳ የመጡት ለአንድ ሳምንት ነበር፤ የዓይን ሞራ ሊያስገፍፉ። ሞራው ተገፈፈ፣ ዓይናቸው ዳነ፣ ሳምንቱም አለቀ። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ። ክፋት የለባቸውም፣ ይህን እፀገነት ራሷ ትመሰክራለች። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ አባታቸው በመጀመሪያው ክረምት በወባ ሞተው፣ አምላኩን ያሳደጉት፣ ጫማ ገዝተው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው አርፋለች፤ አንድ ልጃቸው ለገሰ ጉባ፣ የግድቡ ካምፕ ውስጥ ይሠራል። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ክፍል ይለቀቃል፤ የተለቀቀው የሕብረት ክፍል ነው። ልጅቷ ጓዳ ውስጥ በሽንኩርቱ ጆንያና በዘይቱ ጀሪካን መሀል ፍራሽ አንጥፋ ትተኛለች፣ እዚያው ታጠናለች፣ ደብተሯ ሳይቀር ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። እና ሁልጊዜ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ጋሽ ሰጠኝ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «እንግዲህ በቃኝ፣ ልሂድ» ይላሉ። አምላኩ «ኧረ ጋሼ፣ ምን ሲደረግ ይሄዳሉ» ይላል። «አይ፣ በዛ፤ ልሂድ» ይላሉ። ያኔ ተራው የእፀገነት ነው፤ መሬት መሬት እያየች «እንግዲያው ጠልተውናል ማለት ነው» ትላለች። «እንዲህ ካላችሁማ ምን አደርጋለሁ» ይሉና ተመልሰው ይቀመጣሉ። እሷ የምትለው ለወጉ ነው። በነሱ ቤት ሁለቴ ያልተለመነ እንግዳ እንደተባረረ ይቆጠራል፤ አሳዳጊውን አባረረ መባልን ደግሞ አምላኩ ከሞት በላይ ይፈራል። ታዲያ ሌላው እንግዳ ለወጉ ተለምኖ ለወጉ አመስግኖ ይሄዳል። እኚህ ሰውዬ ግን ሁለተኛዋን ልመና ሲሰሙ ቁጭ ነው። በዚያ ላይ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጥርሴን አመመኝ ብለው፣ በዚህ የአሶሳ ሙቀት፣ አገጫቸውን በፎጣ ጠምጥመው ነው የሚውሉት። ያመመው ሰው ሂድ አይባልም።

የቤቱ ሕመምተኛ ግን እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ እሷም ነበረች። እፀገነት ልብስ ሰፊ ናት። ገበያው አጠገብ ባለ አንድ በረንዳ ላይ፣ ከማህጁብ የጨርቅ ሱቅ ጎን፣ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ አንገቷን ደፍታ ትውላለች። ስፒል የምታስቀምጠው በጥርሷ መሀል ነው። ክር የምትበጥሰው በጥርሷ ነው። ስልክ ሲደወል በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ሸጉጣ፣ እግሯ ሳይቆም ታወራለች። ሕመሙ ከጆሮ ግንዷ ይነሳና ወደ ጉንጯ፣ ከጉንጯ ወደ ጥርሷ፣ ከዚያ ዓይኗን ዞሮ ግንባሯ ላይ ይቀመጣል። ጎረቤቷ ምስጋና ብርድ ነው ብላ ነጭ ሽንኩርት አሳኘከቻት። ሌላው ሳይነስ ነው አለ፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው አለ። እሷ ግን ጥርስ ነው ብላ ቆርጣ ሁለት ጥርስ አስነቅላለች። ነቃዩ «ይሄ እኮ ጤነኛ ነው» እያላት፣ ለምና ነው ያስነቀለችው። ሕመሙ ጥርሱ ሲወጣበት ምንም አልተቸገረም፤ ቤት እንደሚቀይር ተከራይ ዕቃውን ይዞ ወደሚቀጥለው ጥርስ ገባ። ዛሬ ደግሞ ሦስተኛውን፣ በግራ በኩል የቀረላትን የመጨረሻ የመንጋጋ ጥርስ ልታስነቅል ቀጠሮ ነበራት። እሱ ከሄደ በግራ በኩል የምታኝክበት የለም። ቢሆንም ሄደች። የልጄን ነገር ባልችል፣ ቢያንስ አንዱን ሕመም ልገላገል ብላ ሄደች።

ዶክተር ኢንዓም የአሶሳ ልጅ ናት፤ ወጣት፣ እጇ ፈጠን ያለ፣ ንግግሯ ግን የማይቸኩል። ጥርሱን በብረት ኳ ኳ አደረገችው። ቀዝቃዛ ነገር አስነካችው። ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። አፏን እንድትከፍት አዘዘቻትና ሁለት ጣት ብቻ ሲገባ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ መሣሪያውን አስቀምጣ ጣቶቿን የእፀገነት ጉንጭ ላይ አሳረፈችና «ንከሺ» አለቻት። እፀገነት ነከሰች። ጉንጯ ላይ ድንች የሚያህል ነገር ተነሳ። ዶክተሯ እሱን ጫን ስታደርገው ሕመሙ ቀጥ ብሎ ጥርሷ ውስጥ ገባ። ከጆሮዋ በላይ ስትጫን ዓይኗ ጀርባ አመማት። ማጅራቷን ስትይዛት ግንባሯ ተሰነጠቀ።

«እሱ ነው» አለች እፀገነት፣ እንባዋ መጥቶ። «እሱን ይንቀሉልኝ።»

«ጥርስሽን እኮ አልነካሁትም» አለች ዶክተሯ። «ጡንቻሽን ነው የተጫንኩት። የመንጋጋሽና የአንገትሽ ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው፤ ሲደክመው ይቋጠራል፣ ሲቋጠር ሕመሙን ወደ ጥርስ፣ ወደ ጆሮ፣ ወደ ራስ ይልከዋል። ይሄ ጥርስ ምንም አላጠፋም።»

እፀገነት በምላሷ ሁለቱን ባዶ ቦታዎች ዳሰሰቻቸው። እነሱም ምንም ሳያጠፉ ነው እንግዲህ የሄዱት። በውነት አዘነች፤ ለሰው እንደሚታዘነው።

ዶክተሯ መቼ መቼ እንደምትነክስ ጠየቀቻት። ስሰፋ ነው አለች። ሌላስ ስትባል አሰበችና «ዝም ስል» ብላ መለሰች። ብዙ ዝም ትያለሽ ወይ ስትባል «እንግዳ አለብን» አለች። ለስንት ጊዜ ስትባል «ዓመት ከመንፈቅ» አለች። ዶክተር ኢንዓም ጓንቷን አወለቀች። መንቀል የለም አለች፤ ሞቅ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጉንጭ ላይ ማድረግ፣ ቆሎና ማስቲካ መተው፣ ስፒሉን በጥርስ ሳይሆን በስፒል መሰኪያ መያዝ፣ ስልኩን በእጅ ማንሳት። ከሁሉ በላይ ግን፣ ሰው ምግብ ካላኘከ በቀር የላይና የታች ጥርሱ መነካካት እንደሌለበት ነገረቻት። ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ለቀቅ። እፀገነት ሞከረች። ከንፈሯ ሲገጥም ጥርሷም አብሮ ይገጥማል። ደግማ ሞከረች፣ ያው ነው። ዓመት ከመንፈቅ አብረው ኖረው አንዱ ያለ ሌላው አልሆን ብሎታል። ዶክተሯ ተስፋ አልቆረጠችም፤ «እንግዲያው ለዛሬ ከንፈርሽንም ትንሽ ክፈቺው። ጡንቻው እስኪለምድ አፍሽ ገርበብ ብሎ ይዋል» አለቻት። እፀገነት ጥርሷን ሳታስነቅል፣ አፏን እንደ ተረሳ በር ገርበብ አድርጋ ወደ ከተማው ወጣች።

ወዲያው የገጠማት ነገር የሚገርም ነበር። አፉን ገርበብ አድርጎ የሚያይህ ሰው ነገር ሊናገር የተዘጋጀ ይመስላል፤ አሶሳ ደግሞ ጨዋ ከተማ ናት፣ ሰው ሊናገር ሲል ይጠበቃል። የባጃጁ ሾፌር ገበያ ድረስ መቶ ብር አላት። እሷ ዋጋውን ልትቀበል ነበር፤ ግን አፏ ተከፍቶ ፊቱን ታየዋለች። ልጁ ጠበቃት። «እሺ ሰባ» አለ። አሁንም ታየዋለች። «ሃምሳ። ከዚህ በታች ግን እውነት ለመናገር አያዋጣም፤ ቤንዚን ሰልፉን አይተሻል» ብሎ የሰልፉን ነገር፣ ከዚያ የባጃጁን ባለቤት ነገር፣ ከዚያ ራሱ ሊያገባ አስቦ መተዉን ሁሉ እየተረከ አደረሳት። እፀገነት አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

በረንዳዋ ላይ ደርሳ መኪናዋን ስትከፍት ጎረቤቷ ማህጁብ እንደወትሮው የሱዳን ዘፈኑን ጣሪያ እስኪነካ ለቆታል። ከእሷ መኪና ጎን ያ ድምፅ ማጉያ ከቆመ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ሰፍታበታለች። ማህጁብ ሽማግሌ ነው፣ ሃይማኖተኛ ነው፣ ለሰው ክፉ አይመኝም፤ እንዴት ይባላል? ዛሬም ልትለው አላሰበችም። ሰላም ልትለው ዞር አለች እንጂ። አፏ ገርበብ ብሎ ሲያያት ማህጁብ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቆመ፤ ጠበቀ፤ ከዚያ ሄዶ ዘፈኑን ዝቅ አደረገው።

«ወላሂ፣ እኔም አይወድም ይሄ ድምፅ» አለ። «ያንተ መኪና ነው ያስቸገረኝ። ጢው ጢው ጢው ይላል፣ ራሴ ያመኛል። እኔ ደግሞ ለጎረቤት መናገር ዓይብ ነው፣ ነውር ነው ብሎ፣ ዘፈን ከፍ አደረገ።»

እፀገነት መኪናዋን አየችው። እውነቱን ነው፣ ጢው ጢው ይላል፤ ዘይት ካየ ስንት ጊዜው ነው። ማህጁብ ከሱቁ ትንሽ ጣሳ ዘይት አውጥቶ ራሱ ቀባላት፣ እየቀባም «አልሐምዱሊላህ» እያለ አመሰገነ፤ እሷን ይሁን ፈጣሪውን አልለየም። ሦስት ዓመት ተቻችለው፣ ሦስት ዓመት ሁለቱም ራሳቸውን ሲያማቸው ኖሮ፣ በአንድ ጠብታ ዘይት አለቀ። ከዚያ በኋላ በረንዳው ጭጭ አለ፤ ከማዶ ያለው ማንጎ ዛፍ ላይ ወፎች መኖራቸውን ያኔ ነው ያወቀችው።

ወደ አምስት ሰዓት ላይ ብሪቱ መጣች። ብሪቱ ለእህቷ ሠርግ ያሰፋችውን ቀሚስ አጥብበሽብኛል እያለች ለሦስተኛ ጊዜ መመለሷ ነው፤ እፀገነትም ሁለት ጊዜ ዝም ብላ አስፍታላታለች። ዛሬ ብሪቱ ቀሚሱን ዘርግታ «እዚህ ጋ እኮ ልክሽን ስተሻል» ብላ ጀመረችና፣ ቀና ብላ የተከፈተውን አፍ ስታይ ንግግሯ ተደናቀፈ። እፀገነት በእውነቱ መንጋጋዋን እያሳረፈች ነበር። ብሪቱ ቀሚሱን አየችው፣ ወለሉን አየችው። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «ወፍሬያለሁ። ይሄ ሠርግ እስኪደርስ በየቤቱ እየጋበዙኝ ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።» ተቃቅፈው ተለያዩ። እፀገነት ጉንጯን ዳሰሰችው፤ ድንቹ የለም። ሰው ለካ ዝም ሲል ሁለት ዓይነት ዝም አለ ብላ አሰበች፤ ጥርስ የተዘጋበትና ጥርስ ያልተዘጋበት።

ከምሳ በኋላ አምላኩ ደወለ። ስልኩን ትከሻዋ ላይ ልትሸጉጥ ስትል ትዝ አላትና በእጇ ያዘችው። ሃሎ አለ። እሷ ሃሎ ማለት ነበረባት፤ ግን ጠዋት በመጋረጃው በኩል የሰማችው «እሺ ጋሼ» ጆሮዋ ውስጥ ስላለ፣ አፏን ከፍታ ተነፈሰች ብቻ። አምላኩ አፏን ባያይም ትንፋሿን ሰማው። በጀርባው የቢሮ ሰዎች ሲስቁ ይሰማል።

«ሰምተሽኛል ማለት ነው» አለ። «እኔስ ደስ ብሎኝ ይመስልሻል? ልጄ እኮ ናት። አሳድገውኛል፣ እፁ። ጋሼን እንቢ ማለት በምን አፌ? በምን አፌ ልበላቸው?»

አንቺ በይልኝ ማለቱ ነበር፣ ግን እሱንም አላለውም። ስልኩን ዘጋ። እፀገነት መኪናዋ ላይ እጇን አሳርፋ ተቀመጠች። ጥርሷ ሊገጥም ሲመጣ ምላሷን በመሀል አስገባች። ልጄ ነገ ትሄዳለች አለች በሆዷ። ዓመቷ ይቃጠላል፤ ማንም የማይኖርበት ቤት ውስጥ ብቻዋን ቁጭ ብላ ምንጣሮ ልትቆጣጠር ነው፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሳይሞላት፣ በኛ ይሉኝታ። ይሄ ሁሉ ደግሞ ማንም ክፉ ሳይሆን ነው የሚሆነው። አለቀሰች። ማህጁብ አየና አንገቱን ወደ ጨርቆቹ መለሰ።

አመሻሽ ላይ እቤት ስትገባ እራቱ ደርሷል፤ ሕብረት ከትምህርት ቤት ተመልሳ የባሚያ ወጥ ሠርታለች። ፀሐይዋ ገና ሙሉ በሙሉ አልጠለቀችም፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ቀኑን ሙሉ የያዘውን ሙቀት ወደ ታች ይለቃል። ሳሎኑ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ቴሌቪዥኑ በጋሽ ሰጠኝ ምርጫ ዜና ላይ፣ ትልቁ ወንበር በጋሽ ሰጠኝ ሥር፣ ጋሽ ሰጠኝ በፎጣቸው ውስጥ። አምላኩ ሸሚዙን ሳይቀይር ተቀምጦ ጉልበቱን ያያል። ሕብረት እጅ አስታጠበች፣ መሶቡ ቀረበ፣ አራቱም ዙሪያውን ተቀመጡ። ጋሽ ሰጠኝ ባረኩ። ጣሪያው ላይ አንድ ማንጎ ወድቆ ዷ አለ፤ ማንም ቀና አላለም፣ በዚህ ወቅት ሲወድቅ ነው የሚያድረው።

«ሕብረት» አለ አምላኩ። ልጅቷ ቀና አለች። «ነገ ማለዳ…» አለና ሚስቱን አየ። የእፀገነት አፍ ገርበብ ብሏል። አምላኩ ቆመ። ልትናገር ነው ብሎ ጠበቃት። ጋሽ ሰጠኝም ጠበቋት፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ሰው ሊናገር አፉን ከፍቶ ሳለ በላዩ አይናገሩም። ሕብረትም ጠበቀች። እፀገነት የሐኪም ትእዛዝ እያከበረች ነበር፤ ከዚህ ሌላ ምንም ያዘጋጀችው ነገር አልነበራትም። እንጀራው በየእጁ ቀረ። ዜናው ስለ አንድ የሩቅ አገር ጎርፍ ያወራል። መጀመሪያ ያልቻሉት ጋሽ ሰጠኝ ናቸው።

«ወድጄ መሰለሽ፣ እፁ?» አሉ፣ ፎጣቸውን እያስተካከሉ። «የልጅቷን ትምህርት ሳላውቀው ቀርቼ ነው? መሬት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቤትም እንደዚያው። እኔ ብሄድማ ማን ልጅቷን ይነካታል?»

እፀገነት አሁንም ታያቸዋለች። በጉንጯ ውስጥ የሚጎትት ነገር ተሰማት፤ ጡንቻው ልዝጋ ይላል። ከዚህ በላይ ክፍት ልትይዘው እንደማትችል ገባት፤ ወይ ይዘጋል፣ ወይ ይናገራል። እና ተናገረ።

«ሕብረት አትሄድም» አለች።

ራሷ ደነገጠች። ሕብረት «የት?» አለች። አምላኩ ዓይኑን ጨፈነ። ጋሽ ሰጠኝ ግን አልተቆጡም፤ ራሳቸውን በዝግታ ነቀነቁ፣ የሆነ ስሌት እንደሚያሰላ ሰው።

«ታዲያ ማን ይሂድ?» አሉ።

መልሱን በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እፀገነት ባሏን አየችው፤ አሳዘናት። ልጇን አየቻት፤ ጣቷ ላይ ቀለም አለ፣ ልብሷ ሽንኩርት ይሸታል። መሬት መሬት ሳታይ፣ «እርስዎ ይሂዱ፣ ጋሽ ሰጠኝ» አለች።

አምላኩን የሚጠጣው ውሃ ትን አለው። ሕብረት ጀርባውን መታችው። ጋሽ ሰጠኝ የአምላኩ ሳል እስኪያልፍ ጠብቀው፣ ወደ እፀገነት ጠጋ አሉና፣ ምስጢር እንደሚጠይቅ ሰው «አትለምኚኝም?» አሉ።

«አልለምንዎትም።»

«ሁለተኛውንም?»

«ሁለተኛውንም።»

ጋሽ ሰጠኝ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። እፀገነት ሊያለቅሱ ነው ብላ ፈራች። እሳቸው ግን የፎጣውን ቋጠሮ ከራሳቸው ላይ ፈቱት፤ ፎጣውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ አገጫቸውን ወደ ቀኝ ወደ ግራ አንቀሳቀሱት። «እግዜር ይስጥሽ» አሉ። «ከመጣሁ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ልሂድ እያልኩ ነው እኮ። መቼም እየለመናችሁኝ ትቼ አልሄድ። ሰው ሁለቴ ለምኖኝ ልሂድ? ምን ያለው ባለጌ ነው ይባል?»

«ጋሼ፣ እኛ እኮ…» አለ አምላኩ፣ ዓይኑ እንባ አዝሎ። «እኛ የምንለው ለወጉ ነበር።»

«ለወጉ መሆኑንማ አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ሰጠኝ። «እኔስ የተቀመጥኩት ለምን መሰለህ? ለወጉ ነው። እሑድ በመጣ ቁጥር ዛሬስ ዝም ይሉኝ ይሆናል እላለሁ። አንተ ምን ሲደረግ ትላለህ። እሷን አያለሁ፤ ጠልተውናል ትላለች። ጥርሴን ነክሼ እቀመጣለሁ። አልጋው ለስላሳ ነው፣ ወገቤን ጨርሶታል። ይሄ ዜና የሚባለውም አሰልችቶኛል፤ ከፍተህ የምትሰጠኝ አንተ ነህ።»

ያን ጊዜ እፀገነት አንድ ነገር መጣላትና ከተቀመጠችበት ተነሳች። በሌላ ቀን ቢሆን የባሏን ታላቅ ወንድም ፊት ትነካለች ብሎ ማን ያስባል? ሁለት ጣቷን ጉንጫቸው ላይ አሳርፋ «ይንከሱ» አለቻቸው። ነከሱ። ድንቹ ተነሳ፤ ከእሷ ይበልጣል። ጫን ስታደርገው ጋሽ ሰጠኝ ከወንበራቸው ሊነሱ ምንም አልቀራቸው። «ጥርሴ» አሉ። «ጥርስዎ አይደለም» አለች እፀገነት፣ ዶክተር ኢንዓም እንዳለችው፣ ሳትቸኩል። «ጥርስዎ ምንም አላጠፋም። ጡንቻ ነው። ሞቅ ባለ ውሃ ፎጣ ይነክሩበታል፣ ቆሎ ይተዋሉ። ካልበሉ በቀር ጥርስና ጥርስ አይነካካም።» ጋሽ ሰጠኝ እንደ ልጅ አፋቸውን ገርበብ አድርገው አዳመጧት። አምላኩ ከማዶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የራሱን ጉንጭ በጣቱ ይፈልግ ነበር።

ነገሩ አለቀ ሲባል አላለቀም፤ የቀረው ወጉ ነው። ጋሽ ሰጠኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋቢያቸውን ደረብ አደረጉ፣ ከወንበሩ ጠርዝ መጥተው ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ እንደ እሑድ። «እንግዲህ በቃኝ» አሉ። «ነገ ማለዳ በዚያ መኪና ልሂድ።»

እፀገነት ባሏን አየችው። አምላኩ ክፉ ሰው አይደለም፣ ደደብም አይደለም፣ አሁን የተባለውን ሁሉ ሰምቷል፤ ግን አርባ ዓመት ሙሉ አንድ መንገድ የሄደ ምላስ ነው። ፊቱ ላብ አወጣ። አፉ ተከፈተ። «ኧረ ጋሼ፣ ምን…» ሲል እፀገነት መሶቡ ላይ ነበረች። የያዘችው ጉርሻ ጡጫ ያክላል፤ ከባሚያውም ከእንጀራውም ያላስተረፈ። ከነ«ምን»ው ወደ ውስጥ መለሰችለት።

አምላኩ አኘከ። እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ ወንድሙን እያየ፣ አኘከ። ጋሽ ሰጠኝ ጠበቁት፤ ወጉ ነውና ሁለተኛውንም ጠበቁ፣ ወደ እፀገነት ዞረው። ለአፍታ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ልቧ ሟሟ፤ ዓመት ከመንፈቅ በሁለት እጇ ሻይ ያቀረበችላቸው ሰው ናቸው፣ ነገ ያ ወንበር ባዶ ሊሆን ነው፣ ፓዌ ደግሞ የሚጠብቃቸው የለም። ጠልተውናል የሚለው ነገር በደረቷ ተነስቶ አንገቷ ደረሰ። ጋሽ ሰጠኝ ቃሉ ሲመጣ አዩት።

እጃቸውን ወደ መሶቡ ላኩ። ጠቅልለው፣ አለስልሰው፣ ወጡን ደህና አድርገው አጥቅሰው ዘረጉላት። «እንቺ፣ አንቺም ጉረሺ» አሉ። «ኋላ እንዳትለምኚኝ።»

ሕብረት ደብተሮቿን ሰብስባ ወደ ክፍሏ ልትመልስ ወደ ጓዳ ሮጣለች። እፀገነት ጠዋት ሁለት ጣት ብቻ የገባበትን አፏን ከፈተች፤ መንጋጋዋ ቀጭ አለና ወለል ብሎ ተከፈተላት። ጉርሻውን ተቀበለች። ከዚያ በግራ በኩል፣ ዛሬ ሊነቀል በነበረው ጥርስ፣ ቀስ እያለች አኘከችው።